ስለ ፍርድ ወንበርና ስለ ትሕትና

በአገራችን ታላቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጡት ሁሉ «ኖር» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ የመጣውም «በእግዜር» ብሎ እንዲቀመጡ ይለምናቸዋል። ይህ ልማድ የተመሰገነ ነው፤ ታላቁን ማክበር፣ እንግዳውንም በደስታ መቀበል በእርሱ ይታወቃልና። ጌታችንም ወደ ሰርግ የተጠራ ሰው የከበሬታውን ስፍራ እንዳይመርጥ፣ ይልቁንም በዝቅተኛው ስፍራ እንዲቀመጥ አስተምሯል። እንግዲህ መቀመጫን ለሌላ መልቀቅ ትሕትና ነው፤ ስለ መቀመጫ መጣላት ግን ትዕቢት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ነገር ግን ይህ ልማድ ከቤታችን ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት በገባ ጊዜ ምን እንደሚሆን መመርመር ይገባናል። ነገሩን በምሳሌ እንየው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት፣ ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወራት ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ በሌሊት ከሰው ማሳ ቡና ለቅሞ ወሰደ ተብሎ ተከሰሰ እንበል። ባለ ቡናው በከተማው የታወቀ፣ እጁ ለድኻ የተዘረጋ፣ ሁሉም የሚያከብረው ሰው ነው። ወደ ችሎቱ ሲገባ ዳኛው እንደ አገሩ ልማድ ብድግ ይልለታል፤ ወንበርም ይሳብለትና ከዳኛው አጠገብ ይቀመጣል። ተከሳሹ በበሩ አጠገብ ቆሟል። ዳኛው ገና አንድ ቃል አልተናገረም፤ መማለጃም አልተቀበለም፤ በልቡም ክፉ ነገር አላሰበ ይሆናል። ሆኖም ያ ቆሞ የሚያይ ለቃሚ የፍርዱን እኩሌታ አስቀድሞ የሰማ ይመስለዋል። እንግዲህ ይህን ዳኛ ትሑት እንበለው ወይስ በዳይ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ወንበር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በቀድሞው የአገራችን ሥርዐት «ወንበር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበት ነበር። አንደኛው ሰው የሚቀመጥበት ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ግን ራሱ ዳኛው ነው። ቀኝ ወንበርና ግራ ወንበር የተባሉት በቀኝና በግራ ሆነው ነገር የሚሰሙ ፈራጆች ነበሩ። አባቶቻችን ዳኛውን በመቀመጫው ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሰውየው በዚያ ስፍራ እስከ ተቀመጠ ድረስ የራሱ አይደለም፤ ወዳጁና ጠላቱ፣ ዘመዱና ባለዕዳው ከደጅ ይቀራሉ፤ በውስጥ የሚገኘው ወንበሩ ብቻ ነው። «ችሎት» የሚለውም ቃል ከ«ቻለ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ የሰውን ነገር ታግሦ መስማትን፣ የሰውንም ቍጣ መሸከምን ያስታውሰናል። ስለዚህ የፍርድ ወንበር ለሰውየው ክብር የተሰጠ ዕረፍት ሳይሆን በሰውየው ላይ የተጫነ ሸክም ነው።

ወንበሩ የሥራ ምልክት መሆኑን የቀድሞው የጎንደር ሥርዐት በግልጥ ያሳያል። ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ያየውን ጽፏል። በንጉሡ ሸንጎ ውስጥ ሹማምንት ሁሉ በማዕርጋቸው ስፍራ ስፍራቸውን ይይዛሉ፤ ንጉሡ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ ሳይታይ ይሰማል፤ ቃሉንም የሚያስተላልፈው ቃለ ዐፄ የተባለው ሹም ነው። ፍርድ ሲሰጥ ግን አፉን አስቀድሞ የሚከፍት ታላቁ ሹም አይደለም፤ ከሁሉ የሚያንሰው ነው። ከዚያ ወደ ላይ እየወጣ ንጉሡ በመጨረሻ ይናገራል። ይህ ልማድ ከጎንደር በኋላም በአገራችን ችሎቶች ሲሠራበት ኖሯል። በመቀመጥ የሚቀድመው በመናገር የሚከተለው ስለ ምንድን ነው? ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የልቡን አይናገርም፤ የታላቁን ቃል ይደግማል እንጂ። ስለዚህ ክብርን የሚያሳየው የመቀመጫ ተራ እውነትን እንዳያፍን የንግግሩ ተራ ተገለበጠ።

ይህ ጥበብ በእኛ ዘንድ ብቻ የታወቀ አይደለም። የአይሁድ ሊቃውንት የቃል ትምህርት የተሰበሰበበት ሚሽና የተባለው መጽሐፍ ስለ ሸንጎ ሲናገር ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። ፈራጆቹ እንደ አውድማ እኩሌታ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ይኸውም አንዱ የሌላውን ፊት እንዲያይ ነው። ሁለት ጸሐፊዎች በቀኝና በግራ ይቆማሉ፤ ነጻ ይውጣ የሚሉትንና ይፈረድበት የሚሉትንም ቃል ይጽፋሉ። ደቀ መዛሙርቱም በሦስት ረድፍ በፊታቸው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ስፍራውን ያውቃል። የሰው ነፍስ የሚጠፋበት ነገር በሆነ ጊዜ ደግሞ ሐሳብ መስጠት የሚጀመረው ከዳር ከተቀመጡት ከታናናሾቹ ነው። ሁለት ሕዝቦች በአንድ ሐሳብ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። በሁለቱም ዘንድ መቀመጫው የተዘረጋው በፊታቸው ለቆመው ሰው ደኅንነት ነበርና።

እንዲህ ከሆነ በወንበር የተነሣ ጠብ ስለ ምን በዛ? ምክንያቱ ሁለት ይመስለናል። የመጀመሪያው ክብር ነው፤ እርሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛው ጥቅም ነው። በቀድሞ ዘመን ዳኛ በወር ደመወዝ አያድርም ነበር፤ ከተከራካሪዎች ከሚከፈለው የዳኝነት ገንዘብ ነበር የሚኖረው። እንግዲያስ ወንበር ማጣት ማለት እንጀራ ማጣት ማለት ነበር። በዚያ ላይ ገዢነትና ዳኝነት በአንድ ሰው እጅ ተይዘው ይኖሩ ነበር። በጅማ መንግሥት፣ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በየወረዳው የተሾመው አባ ቆሮ አካባቢውን ያስተዳድር፣ የሰዉንም ነገር ይሰማ ነበር፤ ከባዱ ነገር ወደ ጅሬን ወደ ንጉሡ ይደርስ ነበር። ጅማ ለምኒልክ በመገበሩ በራሱ ንጉሥ ሲኖር ሳለ፣ በ1890 ዓ.ም. ንጉሡ በተማረከበት በጎረቤቱ በከፋ ግን መልከኛ ገባ። በዚያ ሥርዐት ገባሩ በመልከኛው ላይ አቤት የሚለው ነገር ቢኖረው አስቀድሞ የሚያገኘው ዳኛ ያው መልከኛው ነበር። ከሳሽ፣ ተከሳሽና ዳኛ ሦስት ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ ሁለት ሆኑ ማለት ነው፤ ሁለት በሆኑ ጊዜም የፈራጁ ወንበር ባዶ ነው፤ ሰው ቢቀመጥበትም ባዶ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቋቋመ፤ ዳኞችንም ለየብቻ ሾመ። በዚያው ዘመን ዐቃቤ ሕግ የተባለው ሹም ወንጀልን በመንግሥት ስም እንዲከስ ተደረገ። ከዚያ አስቀድሞ በወንጀል የሚከሰው የተበደለው ሰው ራሱ ወይም ወገኑ ነበርና ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። ነገር ግን አሮጌው ልማድ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ወደ ችሎት በመጣ ጊዜ በሰብሳቢነት የመቀመጥ ሥልጣን ነበረው፤ ባልተገኘ ጊዜ ደግሞ ዳኛው ይሰበስባል። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ስትኖር ይህ ሥርዐት በእርሷም ነበረ። እንግዲህ አስቡት፤ ዳኛው ሕግ ተምሮ፣ ምስክር ሰምቶ፣ ነገሩን መርምሮ ለፍርድ ሲደርስ ገዢው ይመጣል፤ የመካከሉንም ወንበር ይይዛል። ዳኛው ቢለቅ ሥርዐት አክባሪ ይባላል፤ ቅር ቢለው ትዕቢተኛ ይባላል። ይሁን እንጂ ፖሊሱን የሚያዝዘው፣ ግብሩን የሚያስከፍለው ገዢው ነው፤ ተከሳሹን ያስያዘውም እርሱ ሊሆን ይችላል። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዳኞች ፍርድ ሲሰጡ ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ ደነገገ። በጽሑፍ የተነገረውና በመድረኩ ላይ የሚታየው ግን ገና አልተስማሙም ነበር፤ ቃሉ አንድ ነገር ይላል፣ ወንበሩ ሌላ ነገር ይላል።

ከነጻነት በኋላ በየአጥቢያው የተሾሙት ዳኞች ደግሞ ከዚህ የጠበበ ፈተና ነበረባቸው። አጥቢያ ዳኛ ያለ ደመወዝ እስከ 25 ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር ይሰማ፣ በወንጀልም እስከ 15 ብር መቀጫ ይፈርድ ነበር። ሥልጣኑ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የሚፈርደው በጎረቤቶቹ መካከል ነው። ትናንት ቡና ያጠጣው ሰው ዛሬ ከሳሽ ሆኖ ይመጣል። ለገዢ ወንበር መልቀቅ ከፍርሃት የሚመጣ ነው፤ ለጎረቤት ወንበር መሳብ ግን ከፍቅር የሚመጣ ስለሚመስል ከሁሉ ይልቅ ያስታል።

ስለ ከሳሽ መቀመጫ የተነሣው ክርክር በሌላውም ዓለም አልተቋረጠም። በፈረንሳይ አገር ዐቃቤ ሕጉ ከዳኞቹ ጋር ከፍ ባለው መድረክ ላይ ሲቀመጥ የተከሳሹ ጠበቃ ከታች ይቆማል፤ ጠበቆች ይህን የአናጢ ስሕተት ይሉታል፤ አናጢው መድረኩን ሲሠራ ከሳሹን በስሕተት ከፍ አደረገው ማለታቸው ነው። በጣልያን አገር ደግሞ በእኛ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ የዐቃቤ ሕጉና የተከላካዩ መቀመጫ በአንድ ከፍታ፣ በዳኛው ፊት ለፊት እንዲሆን ታዘዘ። ስለ ጥቂት ክንድ እንጨት ሕግ መጻፉ ሊያስቅ ይችል ይሆናል። ነገር ግን የቆመ ሰው ከቃል አስቀድሞ የሚያነበው እንጨቱን ነው። በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ተከሳሹ አደገኛ መሆኑ የሚያሠጋ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር በሰንሰለት ታስሮ በችሎት እንዳይቀርብ ማዘዙ ከዚህ የተነሣ ነው። የታሰረ እጅ ከምስክር በፊት ይመሰክራልና።

ከሳሽና ፈራጅ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ምን እንደሚደርስ የሶስና ታሪክ ያስረዳናል። ሁለቱ ሽማግሎች በዚያ ዓመት በሕዝቡ ላይ ፈራጆች ሆነው የተሾሙ ነበሩ። ክፉ ምኞታቸው ባልተፈጸመ ጊዜ በሐሰት ከሰሷት፤ በጉባኤው መካከል ተነሥተው እጃቸውን በራስዋ ላይ ጭነው መሰከሩባት፤ ሕዝቡም ሽማግሎችና ፈራጆች ስለ ሆኑ አመናቸው። ልብ እናድርግ፤ ሕዝቡ የታለለው በምስክርነታቸው ብርታት አይደለም፤ በወንበራቸው ነው። ዳንኤል ገና ወጣት ሳለ ሳትመረመር እንዳትሞት ጮኸ። በዚያን ጊዜ የቀሩት ሽማግሎች በመካከላቸው እንዲቀመጥ ጋበዙት። እርሱም ሁለቱን ለያይቶ ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም ስለ ዛፉ ስም ተለያየ፤ ንጽሕት ሴት ዳነች። በዚህ ታሪክ ሁለት የመቀመጫ ለውጦች አሉ፤ ፈራጆቹ ከወንበራቸው ወርደው ከሳሾች መሆናቸው ሞትን አቀረበ፤ ወጣቱ ወደ ወንበር መጠራቱ ሕይወትን መለሰ። ዳንኤል ያን ጊዜ ዕድሜዬ ትንሽ ነው፣ በሽማግሎች መካከል አልቀመጥም ቢል ኖሮ ትሕትናው ሶስናን በገደላት ነበር።

ከዚህ ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። ሰው የራሱን ነገር ለሌላ ቢለቅ ትሑት ይባላል፤ የሰውን ነገር ለሌላ ቢለቅ ግን ትሑት አይባልም፤ አደራ በላ ይባላል። በቤቴ ያለው ወንበር የእኔ ነው፤ ለእንግዳ ብለቅለት ከራሴ ሰጠሁ። የፍርድ ወንበር ግን የዳኛው አይደለም፤ በፊቱ ለቆሙት ለሁለቱ የተዘረጋ ነው፤ ይልቁንም ለሚደክመው ነው። ስለዚህ ዳኛው ለባለጸጋው ብድግ ባለ ጊዜ የሰጠው ክብር ከራሱ ኪስ የወጣ አይደለም፤ ከለቃሚው ኪስ የወጣ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ልብሱ ያማረውን በመልካም ስፍራ ማስቀመጥን፣ ድኻውንም በዚያ ቁም ማለትን የነቀፈው ለዚህ ነው፤ እንዲህ የሚያደርጉትንም በልባቸው የሚያዳሉ ፈራጆች አድርጎ ቈጥሯቸዋል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ፈራጆች በሚናገረው በ43ኛው አንቀጽ ዳኛ ለሰው ፊት ሳያደላ በእውነት እንዲፈርድ ያዛል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «እንግዲያስ ዳኞችን ስለ ወንበራቸው እንዲጣሉ ታስተምራላችሁን? ትዕቢት በዚህ በር አይገባምን?» ሊል ይችላል። ጥያቄው እውነት ነው፤ አደጋውም እውነተኛ ነው። ስለ ሥራዬ እሟገታለሁ እያለ ስለ ክብሩ የሚሟገት ብዙ ነው፤ ሰው ልቡን በቀላሉ ያታልላልና። መለያው ግን አለ። ጠቡ በሚነሣበት ጊዜ «ወንበሩ ቢንቀሳቀስ የሚጐዳው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚጐዳው እኔ ብቻ ከሆንሁ ልልቀቅ፤ ዝቅ ብዬም ልቀመጥ፤ ዋጋዬም በእግዚአብሔር ዘንድ ነው። የሚጐዳው በፊቴ የቆመው ሰው ከሆነ ግን መልቀቅ አልችልም፤ የእኔ አይደለምና። ከሁለት ዳኞች ማን በቀኝ ይቀመጥ ተብሎ ጠብ ቢነሣ ታናሹ ስፍራ የሚበቃው ሰው ብፁዕ ነው። ገዢው በመካከል ይቀመጥ ወይስ ዳኛው ቢባል ግን ዳኛው በትሕትና ቃል፣ በጸና ልብ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ወንበር የእኔ ቢሆን በለቀቅሁልዎ» ሊል ይገባዋል።

ወንበሩን ያልለቀቀ ሁሉ ሥራውን ጠበቀ ማለት ደግሞ አይደለም። ጲላጦስ በፍርድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያም ማንም አላስነሣውም። በደል ያላገኘበትን ሰው ግን ለጩኸት አሳልፎ ሰጠ፤ እጁንም ታጠበ። ወንበሩን ይዞ ሥራውን ለቀቀ። ቀያፋም ሊቀ ካህናትና ፈራጅ ሳለ ልብሱን ቀድዶ ከሳሽ ሆነ፤ መቀመጫው አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ተለወጠ። ስለዚህ ስለ ወንበር የሚደረገው ክርክር በእንጨቱ ቢጀምር በእንጨቱ ሊያልቅ አይገባውም።

ይህ ነገር ለዳኞች ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን፤ ካህናትንም ምእመናንንም ይነካል። ካህን ወደ ችሎት በገባ ጊዜ ሰዎች ስለ ክህነቱ አክብረው ከዳኛው አጠገብ ሊያስቀምጡት ይፈልጋሉ። አክብሮታቸው መልካም ነው፤ ስፍራው ግን የእርሱ አይደለም። የካህን ሥራ ማማለድ ነው፤ የአማላጅም ስፍራ ከሚማልድለት ሰው ጎን ነው። ከዳኛው ጎን ቢቀመጥ ግን፣ በተለይ ከሳሹ ለደብሩ ብዙ የሠራ ባለጸጋ ከሆነ፣ ያ የቆመው ሰው ቤተ ክርስቲያንም ፈረደችብኝ ብሎ ይሄዳል። ዲድስቅልያ በጉባኤ መካከል ድኻ ሲገባ ስፍራ እንዲፈለግለት ያዛል፤ በቤተ እግዚአብሔር ይህ ከታዘዘ በፍርድ ቤት እንዴት አብልጦ አይገባ! ምእመን የሆነ ባለጸጋም ወንበር በተሳበለት ጊዜ፣ «አመሰግናለሁ፣ ባላጋራዬ እንደ ቆመ እኔም እቆማለሁ» ቢል በዚያች ሰዓት ከብዙ ምጽዋት የሚበልጥ ምጽዋት ሰጠ። በሽምግልና ጊዜ ሁሉም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ መነጋገሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚፈለገው እርቅ ነው፤ በችሎት ግን የሚፈለገው ፍርድ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ ለቃሚው እንመለስ። ምናልባት ቡናውን በእውነት ሰርቆ ይሆናል። ከሰረቀ በሕግ ይቀጣ፤ የባለ ቡናውም ድካም ከንቱ አይቅር። ነገር ግን ሕዝባችን፣ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች ይላል። ለቃሚው ሁለቱም ወገን እኩል ቆመው፣ ዳኛው በወንበሩ ጸንቶ፣ ከሳሹም በከሳሽ ስፍራ ሆኖ ቢፈረድበት ቅጣቱን ተቀብሎ ጥፋቱን ያስባል። ከሳሹ ከዳኛው ጎን ተቀምጦ ቢፈረድበት ግን እስር ቤት ገብቶ የሚያስበው ስለ ሰረቀው ቡና አይደለም፤ ስለ ተሳበው ወንበር ነው። ቅጣቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ጠፋ። አልሰረቀም ከሆነ ደግሞ ምን እንላለን?

ስለዚህ ያ ዳኛ ትሑት ነው ወይስ በዳይ ተብለን ብንጠየቅ፣ በቤቱ ትሑት የሆነበት ሥራ በወንበሩ በደል ሆነበት እንላለን። በደሉም ከክፉ ልብ ሳይሆን ከመልካም ልማድ ስለ መጣ ሊጠነቀቁት የሚገባው አብልጦ ነው። ዳኛ ሆይ፣ በቤትህ ለሁሉ ተነሣ፤ በወንበርህ ግን ለማንም አትነሣ። የምትነሣበት ቀን ይመጣል፤ ያን ጊዜ የምትቆመው አንተ ነህ፤ የሚቀመጠውም ለሰው ፊት የማያዳላው ፈራጅ ነው።